የወባ ኪኒንና የሉፐስ ቁርጥማት



ዛሬ እዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ የምናገረው ሉፐስ የሚባለው በሽታ በአንጓ ላይ ስለሚያመጣው ሕመምና ለዚያ ሕመም የሚወጡ አዳዲስ መድኃኒቶች እንዴት እንደሚፈተኑ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ለዚህ ሕመም ይሠራል የተባለ መድኃኒት በእኛም ሰዎች ላይ፣ በእኛው አገር፣ ሥርዓቱን ጠብቆ መፈተን አለበት፤ ይፈተንልን ብለን መጠየቅ ያለብንም እኛው ነን። ወደዚያ ለመድረስ ግን ከራሱ ከሕመሙ ልነሳ።

ሉፐስ የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ በመካከላችን ብዙ ይኖራል፤ ሕመሙን ያላየ ግን ጥቂት ነው። አንዲት የሃያ አምስት ዓመት ወጣት አስቡ። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ሊጥ ልታቦካ ስትል የጣቶቿ አንጓ አብጧል፣ ይሞቃል። ረፋዱ ላይ ትንሽ ይላቀቅላታል። አክንባሎውን በአንድ እጇ ታነሳ የነበረችው አሁን በሁለት እጇም ይከብዳታል። የልጇን ፀጉር መሥራት ትታለች፤ የማሾ ለቀማ ሲደርስ ከሰው እኩል መዋል አልቻለችም። ጎረቤት ሪህ ነው ይላል፤ ሌላው ብርድ፣ ሌላው መጋኛ ነው ይላል። ጉንጯና አፍንጫዋ ላይ የወጣው ነገር በእኛ ቆዳ ላይ ከመቅላት ይልቅ ጠቆር ስለሚል ማድያት ይባላል። ፀሐይ ሲነካት ሲብስባት ደግሞ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሽላታል። የዚህ ቆላ ፀሐይ ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ጤና ጣቢያ ስትሄድ ትኩሳት ስላላት የወባ ምርመራ ይታዘዝላታል፤ ይህ ትክክል ነው፣ በወባ አገር ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ መመርመር አለበት። ወባ ሲጠፋ ታይፎይድ፣ ታይፎይዱ ሳይለቅ ሲቀር ታይፈስ ይባላል። ወጌሻ ያሻታል። ዲክሎፌናክ ትወጋለች። ከዚያ አንድ ቀን ያለ ማዘዣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ይሰጣታል፤ በሁለት በሦስት ቀን ቁርጥማቱ ብን ብሎ ይጠፋል። ተገኘ መድኃኒቱ! ኪኒኑ ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል፣ እንደገና ትገዛለች። ከወራት በኋላ ፊቷ ይከብባል፣ ስኳሯ ይጨምራል፣ አጥንቷ ይሳሳል። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒቱ ከፋርማሲ በጠፋ ጊዜ ደግሞ በድንገት ይቋረጥባታል፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንን በአንዴ ማቋረጥ ሕይወት ላይ የሚመጣ አደጋ ነው።

ሉፐስ ማለት ሰውነት ጀርም እንዲዋጋለት ያዘጋጀው የመከላከያ ኃይል በራሱ በሰውነቱ ላይ ሲነሳ ነው። አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ልጅ በሚወለድበት ዕድሜ ላይ ያሉ። ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት በአንድ ወቅት አንጓቸውን ያማቸዋል፤ ለብዙዎቹ የመጀመሪያው ምልክትም ይኸው ነው። የሉፐስ የአንጓ ሕመም እንደ ሌላው የአንጓ ብግነት ብዙውን ጊዜ አጥንት የሚበላ አይደለም። ጣት ቢጣመም እንኳ ብዙ ጊዜ በእጅ ሲያቃኑት ይቃናል። ሉፐስ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል፤ ያ ግን ሌላ ነገር ነው። ኩላሊት ሲጎዳ አያምም፤ ታማሚዋ አንጓዋን እያስታመመች ሳለ ኩላሊቷ ዝም ብሎ ያልቃል። ስለዚህ በመካከላችሁ ያላችሁ ጤና ባለሙያዎች፣ አንጓዋ ለሳምንታት ያበጠባት ወጣት ሴት ስትመጣ ሽንቷን በምርመራ ወረቀት ነክራችሁ ፕሮቲን እንዳለው እዩ። ርካሽ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ይህን ንግግር ሸዋ ሮቢት ላይ ማድረጌ ደስ ያለኝ በአንድ ምክንያት ነው፤ የሉፐስን የአንጓ ሕመም በደንብ የሚይዘው መድኃኒት የተወለደው ከወባ ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስ። በ1894 ለንደን በሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ጆሴፍ ፔይን የተባለ ሐኪም ኪኒንን፣ ያንን መራራውን የወባ መድኃኒት፣ ለሉፐስ ሕሙማን ሰጥቶ እንደረዳቸው ተናገረ። ብዙ ሰው አልሰማውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓስፊክ ደሴቶች ላይ የተሰለፉ ወታደሮች ወባን ለመከላከል ሜፓክሪን የሚባል ቢጫ ኪኒን በየቀኑ ይውጡ ነበር። ከመካከላቸው ቆዳቸው ቆስሎ፣ አንጓቸው አብጦ የነበሩት እየተሻላቸው ሄደ። በ1951 ፍራንሲስ ፔጅ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሜፓክሪንን ለሉፐስ ሕሙማን ሰጥቶ ያየውን ላንሴት መጽሔት ላይ አወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ የክሎሮኪን ታናሽ ወንድም የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ እስከ ዛሬም የሉፐስ ሕክምና መሠረት እሱ ነው።

ክሎሮኪንን የማያውቅ የዚህ አካባቢ፣ የይፋት፣ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ሰው አሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል፤ በቀጣዩ ዓመት የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ሠራተኞች ቆላውን ሁሉ ሲያዳርሱ በከረጢታቸው ክሎሮኪን ነበር። በ1998 ፋልሲፓረም ለሚባለው ወባ ክሎሮኪን መሥራት ስላቆመ በፋንሲዳር ተተካ፤ እሱም ሲያረጅ በ2004 ኮአርተም መጣ። ቪቫክስ ለሚባለው ወባ ግን ክሎሮኪን እስከ ዛሬ ይሰጣል፤ አሁንም ይሠራ እንደሆነም ተመራማሪዎች እዚሁ ሸዋ ሮቢት ላይ ፈትነውታል። የእንዲህ ዓይነቱ ፍተሻ ሥርዓት ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይሆንም። በሽተኛው ኪኒኑን በባለሙያ ፊት ይውጣል፤ በተቀጠረለት ቀን እየመጣ ጣቱን ይወጋል፤ እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን ድረስ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጥገኛው ጠፍቶ ከቀረ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ተመልሶ ከታየ አልሠራም ወይም አዲስ ንክሻ ነው። አገራችን መድኃኒት የምትቀይረው እንዲህ ያለ ፍተሻ አድርጋ ነው።

የሉፐስ ቁርጥማት በማይክሮስኮፕ የሚቆጠር ጥገኛ የለውም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው፤ ጥቂት ልቆይበት።

ሐኪሙ የሚቆጥረው አንጓ ነው። የታማሚዋን እጅ በእጁ ይዞ የአሥሩን ጣቶች ሁለት ሁለት አንጓ፣ ከዚያ ሁለቱን የእጅ አንጓ፣ ሁለቱን ክርን፣ ሁለቱን ትከሻ፣ ሁለቱን ጉልበት፣ በድምሩ 28 መገጣጠሚያ አንድ በአንድ ይጫናል። የሚጫነው የራሱ የአውራ ጣት ጥፍር ነጣ እስኪል ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጤነኛውንም ያማል። በሁለት ጣቶቹ መካከል እያንከባለለ ለስላሳ እብጠት መኖሩን ይዳስሳል። "ይኸኛውስ? ይኸኛውስ?" እያለ ይጠይቃል። እሷ ፊቷን ታጨማድዳለች ወይም "የለም፣ እዚህ የለም" ትላለች። የሚሊዮን ዶላር ጥናት ሁሉ በመጨረሻ የሚቆመው በዚህ መዳሰስ ላይ ነው። የቸኮለ ሐኪም ያስተዋለውን ያህል አያገኝም፤ ታማሚዋም ሌሊቱን ካልተኛች ሁሉም አንጓ ያማታል።

ሁለተኛው ችግር ሕመሙ ራሱ የሚመላለስ መሆኑ ነው። የሮቢን ወንዝ ታውቁታላችሁ፤ በክረምት ሞልቶ ያስፈራል፣ በበጋ ይጎድላል። ወንዙ ሊጎድል ባለበት ሳምንት አንድ ሰው ዳር ቆሞ ድንጋይ ቢወረውር በእኔ ድንጋይ ጎደለ ሊል ይችላል። ሉፐስም እንዲሁ ነው። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሕመሙ በበረታበት ቀን ነው፤ ከበረታበት ቀን በኋላ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የሚቀለው ነው። በዚያ መካከል የገባው ሁሉ፣ ኪኒኑም፣ ወጌሻውም፣ ሥራሥሩም፣ ምስጋናውን ይወስዳል። ማንም አልዋሸም። የተሻላት ሴት እውነቷን ነው፤ መድኃኒቱን የሰጣትም ከልቡ ነው። ነገር ግን በምን እንደተሻላት አልታወቀም።

ለዚህ የተገኘው ብቸኛ መላ ሕሙማኑን በዕጣ ሁለት ቦታ መክፈል ነው። ግማሹ የተለመደ ሕክምናውን ይዞ አዲሱን መድኃኒት ይጨምራል፤ ግማሹ የተለመደ ሕክምናውን ይዞ መልኩ መድኃኒቱን የሚመስል፣ ውስጡ ግን ምንም የሌለው ነገር ይጨምራል። የትኛው የማን እንደሆነ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም። ያልታከመ ሰው የለም፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው "ባዶ ኪኒን ሰጥተው ያሾፉብናል" የሚል ቅሬታ ስለምሰማ ነው።

የዚህን ሥርዓት ጥቅም በትንሽ ጥናት ላሳያችሁ። በ1991 ካናዳ ውስጥ ሃይድሮክሲክሎሮኪን እየወሰዱ በሽታቸው የተረጋጋ 47 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። 25ቱ መድኃኒታቸውን ቀጠሉ፤ 22ቱ ሳያውቁት ወደ ባዶው ኪኒን ተዛወሩ። በስድስት ወር ውስጥ ባዶውን ከወሰዱት 22 ሰዎች 16ቱ አገረሸባቸው፤ ከቀጠሉት 25 ደግሞ 9 ብቻ። አርባ ሰባት ሰው! ከአንድ የዕድር ስብሰባ ያነሰ ሰው ነው። ግን በዕጣ ስለተከፈሉና በሥርዓት ስለተከታተሏቸው፣ ከዚያ ወዲህ "ደህና ነሽ፣ አቁሚው" የሚል ሐኪም ሐሳቡን እንዲመረምር አስገድደዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር፤ ካልጨመርኩ ዛሬ የተናገርኩት ሰው ይጎዳል። ክሎሮኪን ከቤታችን መደርደሪያ ስለማይጠፋ ብቻ ተነስታችሁ ለቁርጥማት እንዳትውጡት። ከመጠን ካለፈ ልብን ያቆማል፣ በተለይ ሕፃናትን ይገድላል። ለዓመታት ሲወሰድ የዓይንን ብርሃን ይጎዳል፤ ከሃይድሮክሲክሎሮኪን ይልቅ ክሎሮኪን በዚህ ይከፋል። ሃይድሮክሲክሎሮኪንም ቢሆን የሚሰጠው በክብደት ተለክቶ ነው፤ በቀን ለአንድ ኪሎ ከአምስት ሚሊግራም ባይበልጥ ይመረጣል፤ ዓይንም በየጊዜው መታየት አለበት።

ወደ አዲሶቹ መድኃኒቶች እንሂድ። ከ1955 በኋላ ለሉፐስ ተብሎ የተሠራ አዲስ መድኃኒት ሳይፈቀድ ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። በመጋቢት 2011 ቤሊሙማብ ተፈቀደ። ሲፈቀድ በደም ሥር የሚሰጥ ነበር፤ የመከላከያ ሕዋሳትን የሚያበዛውን መልእክት ያግዳል። በትልቁ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ መድኃኒቱን በሙሉ መጠን ከወሰዱት 58 በመቶ ተሻላቸው። ጥሩ ቁጥር ነው፤ ግን ባዶውን ከወሰዱት 44 በመቶዎቹም ተሽሏቸዋል። የመድኃኒቱ የራሱ ድርሻ በመካከል ያለው 14 ነው። ዕጣና ባዶ መድኃኒት ባይኖር ኖሮ 58ቱን በሙሉ ለመድኃኒቱ እንሰጠው ነበር፤ የቤተሰብ ጥሪት የሚጨርስ መድኃኒትም በዚያ ቁጥር ይሸጥልን ነበር።

አኒፍሮሉማብ የሚባለው መድኃኒት ቀጠለ። ይህኛው ኢንተርፌሮን የሚባለውን የማንቂያ ደወል የሚሰማውን ተቀባይ ይዘጋል። የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት ወደቀ፤ በተመረጠው መለኪያ መድኃኒቱን የወሰዱት 36 በመቶ፣ ባዶውን የወሰዱት 40 በመቶ ተሻላቸው። ሁለተኛው ጥናት ላይ ዋናው መለኪያ ተቀየረና 47.8 በመቶ በ31.5 ሆነ፤ በ2021 ተፈቀደ። መለኪያ ሲቀየር ሰው ይጠራጠራል፤ መጠራጠሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው መለኪያ በአንጓ ላይ እንዴት እንደሚፈርድ ስሙ። ሁለትና ከዚያ በላይ አንጓ ካበጠና ካመመ አራት ነጥብ ይመዘገባል። አሥራ ሁለት አንጓ አብጦባት የነበረች ሴት ወደ ሁለት ብትወርድ፣ እንደገና እንጀራ መጋገር ብትችል እንኳ፣ በዚያ መለኪያ ያው አራት ነጥብ ናት፤ አልተሻላትም ይላል። ሌላው መለኪያ ከፊል መሻልንም መሻል ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ መቀየሩን አልነቅፍም። የምነቅፈው መድኃኒቱ "ለአንጓም ጥሩ ነው" እየተባለ በጅምላ ሲነገር ነው፤ በዚያው በተሳካው ጥናት ቆዳ በግልጽ ሲሻል፣ ያበጡና የሚያሙ አንጓዎች ቁጥር ላይ ግን ሁለቱ ወገኖች የጎላ ልዩነት አላሳዩም።

ስለ አንጓ በተለይ ተስፋ ሰጥቶ የነበረው ባሪሲቲኒብ ነው። ኪኒን ነው፤ መርፌም ማቀዝቀዣም አይፈልግም፤ ለእንደኛ ዓይነት ሞቃት አገር ምን ያህል እንደሚመች አስቡት። በ2018 በወጣው የ314 ሰዎች ጥናት በስድስት ወር ውስጥ የአንጓ ሕመማቸው ወይም የቆዳ ቁስላቸው ፈጽሞ የጠፋላቸው 67 በመቶ ሲሆኑ ከባዶው ወገን 53 በመቶ ነበሩ። ሐኪሞች ተደሰቱ፤ እኔም ከደስተኞቹ ነበርኩ። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተደረጉ። በአንዱ የተሻላቸው 57 በመቶ በ46 ሆነ። በሌላው 47 በ46። ያው አንድ ዓይነት መድኃኒት፣ ያው መጠን! በጥር 2022 የመድኃኒቱ ኩባንያ ለሉፐስ ማዘጋጀቱን አቆመ። በዚህ የመድኃኒት ዘር ላይም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለ ልብ፣ ስለ ደም መርጋትና ስለ ካንሰር ከባድ ማስጠንቀቂያ አስፍሮበት ነበር። አልማዝ ባለጭራንም ይቀሰቅሳል፤ ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳን የመቀስቀስ ስጋትም አለ። ነቀርሳ በየቤቱ ባለበት አገር ይህ የግርጌ ማስታወሻ አይደለም።

እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት በማን ላይ ነው? አሁን የመጣሁበት ነገር ላይ ደረስኩ።

የቤሊሙማብ ሁለቱ ጥናቶች በላቲን አሜሪካ፣ በእስያና ፓስፊክ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነበሩ። ጥቁር ተሳታፊዎች ጥቂት ስለነበሩ መድኃኒቱ ለእነሱ መሥራት አለመሥራቱ ሳይለይ ቀረ፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሉፐስ በጥቁር ሴቶች ላይ ከነጮቹ ሁለት ሦስት እጥፍ ይበዛል፣ ይከብዳልም። የአሜሪካው ባለሥልጣን ቤሊሙማብን ሲፈቅድ በጥቁር ሕሙማን ላይ ብቻ ሌላ ጥናት እንዲደረግ ግዴታ አስገባ። በ448 ሰዎች ላይ ተደርጎ ውጤቱ የታተመው በ2022 ነው፤ መድኃኒቱ ከተፈቀደ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ነበረችበት። 48.7 በመቶ በ41.6፤ ልዩነቱ ለመመስከር የሚያበቃ አልሆነም።

ለእኛ ይህም አይበቃም። "ጥቁር" የሚለው መደብ የላጎስን፣ የአትላንታንና የይፋትን ሰው በአንድ ያጠቃልላል፤ ጉበታችን ግን መድኃኒት የሚፈጭበት መንገድ አንድ አይደለም። ፕሮፌሰር ኢሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባሳተሙት ጥናት ካዩዋቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒት የሚፈጭ አንድ ዘረመል ተደራርቦ ነበራቸው። በስዊድናውያን ይህ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ነው። ያ ዘረመል ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን ይቀይራል፤ ስለዚህ ለስቶክሆልም ሰው የሚስማማ መጠን ለኢትዮጵያዊ እናት ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። ሌላ አገር የተፈተነ መድኃኒት እኛ ዘንድ ያለ ፍተሻ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች እኛ ነን፤ ማንም የማይመዘግበን፣ ማንም የማይከታተለን ተፈታኞች።

ሉፐስ እኛ ዘንድ የለም የሚሉም ነበሩ። በ1968 ብራያን ግሪንዉድ የተባለ ሐኪም ናይጄሪያ ውስጥ እንዲህ ያሉ በሽታዎች ማነሳቸውን አይቶ ወባ ይከላከላቸው ይሆናል ብሎ ጻፈ። በአይጦች ላይ ሞክሮም ወባ የያዛቸው አይጦች በሽታው ቀለላቸው። ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ግማሽ እውነት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ምርመራው በሌለበት፣ የአንጓ ሐኪም በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ በሚገኝበት አገር በሽታ ማነሱን ከመናገር በፊት ያልተቆጠረውን መቁጠር ይቀድማል። አንዲት ሴት ከዚህ ተነስታ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ የጣርማበርን ዳገት ወጥታ፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካልደረሰች ስሙን የማትሰማው በሽታ ብርቅ ቢመስል አይገርምም።

እንዲህ ያለ ፍተሻ አገራችን ትችላለች ወይ? ችላ አሳይታለች። አዲስ አበባ በሚገኘው አለርት ሆስፒታል ዶክተር ሳባ ላምበርትና ባልደረቦቿ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሰውነት መከላከያ ሲነሳባቸው ከፕሬድኒሶሎን ይልቅ ሳይክሎስፖሪን ይሻል እንደሆነ በዕጣ ከፍለው ፈትነዋል፤ በ2016 አሳተሙት። ከሉፐስ ጋር ይቀራረባል፤ ከመነሳቱ ዓይነቶች በአንዱ አንጓ ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ሕሙማኑም ከፕሬድኒሶሎን መላቀቅ ያቅታቸዋል። ነርቭ በሚነካው ዓይነት ላይ አዲሱ መድኃኒት አሮጌውን አላስናቀም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ተጨማሪ ፕሬድኒሶሎን አስፈልጓቸዋል። ለእኔ ይህ ውድቀት አይደለም፤ የአዲስ አበባ ሕሙማን ለዓለም ሐኪሞች መልስ ሰጡ። ከዚያ ወዲህም አለርት ለአንጓ ሕመም የምናውቀውን ሜቶትሬክሴት በእነዚሁ ሕሙማን ላይ በሚፈትነው ዓለም አቀፍ ጥናት ውስጥ ገብቷል። መድኃኒት የለመደ የሳንባ ነቀርሳን ሕክምና ከሃያ ወር ወደ ዘጠኝ ወር ለማሳጠር ያስቻለው፣ በ2019 የታተመው ጥናት የተደረገው በአራት አገሮች ነው፤ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥም 696 የዝሆኔ ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው፣ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና መጠቅለል የሚያቃጥለውን የእግር ሕመም እንደሚቀንስ ታይቷል። ባለ ብዙ ገንዘብ ኩባንያ አልነበረበትም፤ ገበሬዎች ነበሩ።

መፍራትም አለ፤ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1996 ካኖ፣ ናይጄሪያ ውስጥ ማጅራት ገትር የያዛቸው 200 ሕፃናት በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ጥናት ውስጥ ገቡ፤ 11 ሞቱ፤ ወላጆች ምን እንደፈረሙ አልተነገረንም ብለው ለዓመታት ተከራከሩ። ይህን የሰማ ሰው ልጁን አሳልፎ አይሰጥም። መልሱ ግን መሸሽ ሳይሆን በሥርዓት መጠየቅ ነው። ዛሬ አገራችን ውስጥ የመድኃኒት ሙከራ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያየው፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ሳይፈቅደው አይጀመርም። በወላይታም ከአንድ የዝሆኔ ጥናት በፊት ተመራማሪዎች ለሕዝቡ ምን ተብሎ ቢነገረው እንደሚገባው አስቀድመው ሄደው ጠይቀው ነበር። እዚህም አማርኛ ብቻ አይበቃም፤ አርጎብኛም ኦሮምኛም የሚናገር ሕዝብ አለ፤ ባሏን ወይም አባቷን ሳታማክር የማትፈርም ሴትም አለች። ማማከሩ ክፉ አይደለም፤ ፊርማው ግን የእሷ ነው።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ የምጠይቀው ተግባራዊ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሐኪም ግዛው ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ አሉ። ከዚህ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ አንጓዋ ያበጠባት፣ ፀሐይ የማይስማማት፣ ሽንቷ ፕሮቲን ያለው ሴት ስሟ የሚመዘገብበት አንድ መዝገብ ይከፈት። መዝገብ ከሌለ ጥናት የለም፤ ሕሙማኑ እንዳሉ የማይታወቅበት ቦታ ማንም መድኃኒት ይዞ አይመጣም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከሆስፒታሉ ፋርማሲ እንዳይጠፋ ይታሰብበት። አዲስ መድኃኒት ከመጠበቅ በፊት በዚህ በርካሹ ላይ ለእኛ ሰው የሚበቃው መጠን ስንት እንደሆነ፣ ወባና ሉፐስ አብረው ሲመጡ ምን እንደሚሆን ማጥናት ይቻላል፤ ይህን ጥያቄ ከእኛ በተሻለ ሊመልስ የሚችል አገር ጥቂት ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ተመራማሪ መጥቶ "በጥናት ትሳተፊ ይሆን?" ብሎ ቢጠይቅሽ፣ እህቴ፣ እሺም እምቢም ከማለትሽ በፊት ጠይቂው። ማን ፈቀደልህ? ነፍሰ ጡር ብሆንስ? ለሉፐስ ከሚታዘዙት ውስጥ ፅንስ የሚጎዱ አሉ፣ ሜቶትሬክሴት አንዱ ነው። ፕሬድኒሶሎኔን ትቀንስብኛለህ ወይ? ነቀርሳ እንደሌለብኝ ታያለህ ወይ? ባቋርጥ ሕክምናዬ ይቀራል ወይ? መኪና ሳይኖር፣ መንገድ ሲዘጋ በየወሩ እንዴት ልመጣ ነው? ጥናቱ ሲያልቅና መድኃኒቱ ሠርቶ ሲገኝ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይሰጠኛል? ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሌለው ጥናት ወደ ሸዋ ሮቢት ባይመጣ እመርጣለሁ።